ውሻና ድመት ሲከፈቱ፦ የምግቡን መንገድ ከምላስ እስከ ፊንጢጣ ሳይቆርጡ የመከተል አሠራር

ለበዓል በግ ሲታረድ አጠገቡ ቆሞ ያደገ ተማሪ የሆድ ዕቃ ስም አይጠፋውም። ጨጓራ፣ ሽንፍላ፣ ሞራ፣ ጣፊያ እያለ ይቆጥራል፤ የትኛው ለዱለት እንደሚሆንም ያውቃል። ይኸው ተማሪ የመጀመሪያ ውሻውን ሲከፍት ግን «ሽንፍላው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም። ውሻም ድመትም ያላቸው አንድ ክፍል ብቻ ያለው ጨጓራ ነው። ሥጋ ብዙ መብላላት ስለማያስፈልገው አንጀታቸውም አጭር ነው፦ የበግ አንጀት ቢዘረጋ የሰውነቱን ርዝመት ከ20 ጊዜ በላይ ይሆናል፣ የውሻ ወደ 6 ጊዜ፣ የድመት ደግሞ ወደ 4 ጊዜ ብቻ።

መመሪያው የተጻፈው ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና በወረዳ ክሊኒክ ሠርተው አልፎ አልፎ «ውሻዬ ለምን ሞተ?» የሚል ባለቤት ለሚገጥማቸው ባለሙያዎች ነው። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን ድመት በ10 ደቂቃ ውስጥ ባዶ አድርጌ አንጀቱን ትሪ ላይ ከመርኩት፤ መምህሬ መጥተው «ዱዮዲነሙ የትኛው ጫፍ ነው?» ብለው የቀጭን አንጀቱን መጀመሪያ ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህን ነው፦ አንጀት በአንዳንድ ቦታ ከጀርባ ግድግዳ ጋር ታስሯል፣ በሌላው ደግሞ ተንጠልጥሎ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። የታሰረበትን ቦታ በጣቱ ያወቀ ሰው አጥንት የት እንደሚሰነቀር፣ ክር የት እንደሚይዝ፣ ጨጓራ በየት ዞሮ እንደሚታነቅ አብሮ ያውቃል። ስለዚህ ዓይን ይቀድማል፣ ጣት ይከተላል፣ ቢላ መጨረሻ ነው።

ከመክፈት በፊት

አስከሬኑ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ሰው የነከሰ፣ ከመሞቱ በፊት ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የተዝረበረበ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ ወይም እግሩ የሰለለ ውሻ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ይጠረጠራል። እንዲህ ያለውን ለአናቶሚ ልምምድ አትንኩት። ድመትም ከዚህ ነፃ አይደለችም። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎል ናሙና ስለሆነ የሠለጠነ ሰው ናሙናውን ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ውሻ የመክፈት ሥራ ያለበት ሰው አስቀድሞ የመከላከያ ክትባቱን መውሰድ አለበት። እጅ ከተቆረጠ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» የሚባል ነገር እዚህ ላይ የለም።

ሁለተኛው አደጋ ዓይን የማያየው ነው። በግ ስታርዱ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ይሆናል። ያ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባለው የኮሶ ዓይነት ትል ዕጭ ነው፤ አዋቂው ትል የሚኖረው በውሻ ቀጭን አንጀት ውስጥ ሲሆን ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዕንቁላሉ በአፍ ከገባ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ውስጥ ያድጋል። እናም የውሻ አንጀት ስትከፍቱ ድርብ ጓንት፣ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ቦቲና መነጽር አድርጉ፤ በሥራው መሐል ስልክ አትንኩ፣ ምግብም አጠገባችሁ አይኑር።

መርዝ በልቶ የሞተ ከመሰላችሁ ሥራውን ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርጉት። ለአይጥ የሚቀመጠው ዚንክ ፎስፋይድ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ሽታውን ለማረጋገጥ ብላችሁ ግን ፊታችሁን ወደተከፈተ ጨጓራ አታስጠጉ።

ዕቃው ብዙ አይደለም፦ ስለታም ቢላ፣ አንዱ ጫፉ ድፍን የሆነ መቀስ፣ ወረንጦ፣ ሲባጎ፣ የቅርንጫፍ መቁረጫ መቀስ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ትሪ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን የተሞላ አፈ ሰፊ ዕቃ። ጥቁሩ ትሪ ለምን እንደሚያስፈልግ ኋላ እንደርስበታለን።

ስለ ሰዓትም አስቡ። ቆሽትና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ከሞት በኋላ ቶሎ ከሚበሰብሱት ውስጥ ግንባር ቀደም ናቸው፤ የራሳቸው ፈሳሽ ራሳቸውን ይፈጫቸዋል። ዛሬ የማይከፈት ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር እንጂ በረዶ አይሁን፤ በረዶ የሆነ ሥጋ ለማይክሮስኮፕ ምርመራ አይመችም።

አንድ፦ አፍ

ብዙ ሰው አፍን ዘሎ ሆድ ይከፍታል። ድመት ላይ ይህ ስሕተት ውድ ነው። ምላሷን በወረንጦ ይዛችሁ ወደላይ አንሡና ከሥሯ ያለውን ክር መሰል ጅማት ተመልከቱ። ድመት በክር ስትጫወት ክሩ ምላሷ ሥር ይጠመጠማል፤ ሌላው ጫፉ ተውጦ ጨጓራን አልፎ አንጀት ይገባል። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሸካራ እሾሆች ሁሉም ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ስለሆኑ አንዴ የያዙትን ነገር መትፋት ያስቸግራታል። ክር ካገኛችሁ አትጎትቱ፣ አትቁረጡም፤ እንዳለ ተዉትና ሆዱ ሲከፈት መጨረሻው የት እንደሆነ ፈልጉ።

ጥርስ ቁጠሩ። አዋቂ ውሻ 42 አለው፤ 20 ከላይ፣ 22 ከታች። አዋቂ ድመት 30 ብቻ፤ 16 ከላይ፣ 14 ከታች። ቡችላ 28፣ የድመት ግልገል 26 የወተት ጥርስ አላቸው። ከሁሉም የሚበልጡት ሥጋ ቆራጮቹ ናቸው፦ ከላይ የመጨረሻው ፊት መንጋጋ፣ ከታች የመጀመሪያው ኋላ መንጋጋ፤ ሁለቱ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። ውሻ ላይ በግራና በቀኝ ባሉት ላይኛ ቆራጮች መካከል ላንቃውን አቋርጦ የተሰነቀረ ዱላ ወይም አጥንት አንዳንዴ ይገኛል። «አፉን በእግሩ ይፍቃል፣ ለሃጩ ይወርዳል» የሚል ታሪክ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ችግሩ ከእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ስለዚህ በሕይወት ያለ ውሻ እንዲህ ሲሆን እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አይኑር።

የውሻን ምላስ ጫፍ ገልብጣችሁ መሐሉን ብትዳስሱ ትል የመሰለ ጠንካራ ገመድ ታገኛላችሁ። ሊሳ ይባላል፤ ስብ፣ ጡንቻና ቃጫ የያዘ ጤነኛ አካል ነው። ሊሳ በግሪክኛ የእብደቱ የራሱ ስም ነው፤ የጥንት ሰዎች ይህን «ትል» ከቡችላ ምላስ ቆርጠው ካወጡ ውሻው አያብድም ብለው ያምኑ ነበር። ተማሪም አልፎ አልፎ እንደ ጥገኛ ትል ይመዘግበዋል።

ምራቃቸውን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ዋና ሥራው ማርጠብና ማንሸራተት ነው፤ እንደ ሰው ምራቅ ስታርች የመፍጨት ሥራ የለውም ማለት ይቻላል።

ሁለት፦ አንገት

ከአገጭ ሥር እስከ ደረት ቆዳውን በመሐል ሰንጥቁና ወደ ጎን ግለጡት። ከመንጋጋው ማዕዘን ኋላ ክብ፣ እንደ ዘለላ የተከፋፈለ ዕጢ አለ፤ የመንጋጋ ሥር ምራቅ ዕጢ ነው። ከፊቱ ያሉት ለስለስ ያሉ ትንንሽ ፍሬዎች ደግሞ የሊምፍ ዕጢዎች ናቸው። እነዚህን ማቀያየር በሕይወት ባለ እንስሳ ላይም የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንድ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን አይረሳውም።

የምግብ ቧንቧው ከማንቁርት ኋላ ይጀምርና ከአየር ቧንቧው በላይ ሆኖ ወደ ግራ እያዘነበለ ይወርዳል። የአየር ቧንቧ ቀለበት ስላለው ሲጨበጥ ይቆማል፤ የምግብ ቧንቧ ግን ባዶ ሲሆን ጠፍጣፋ ነው፣ ጣት ላይ እንደ እርጥብ ገመድ ይንከባለላል። ለጊዜው ተዉት። ደረቱን የምንከፍተው ሆዱን ከጨረስን በኋላ ነው።

ሦስት፦ ሆድን መክፈትና እጅን ኪስ ማስገባት

እንስሳው በጀርባው ይተኛ። በጅራቱ በኩል ቆማችሁ ስታዩት የእሱ ቀኝ በእናንተ ግራ እጅ በኩል ነው። ከዚህ በኋላ ግራና ቀኝ ስል የእንስሳውን ማለቴ ነው፤ ማስታወሻችሁም ላይ እንዲሁ ጻፉ።

ከደረት አጥንት ጫፍ እስከ ዳሌ አጥንት በነጩ መስመር፣ ማለትም የሆድ ጡንቻዎች መሐል ላይ በሚገናኙበት ነጭ ስፌት ላይ ትቆርጣላችሁ። ወንድ ከሆነ ብልቱን ከቆዳው ጋር ወደ ጎን መልሱት። የሆዱን ግድግዳ በወረንጦ ወደላይ ሳቡ፣ ትንሽ ቀዳዳ አብጁ፣ ከዚያ ሁለት ጣት አስገብታችሁ ቢላውን በጣቶቻችሁ መካከል አሳልፉ። ቢላ ወደታች ከተጫነ አንጀት ይበሳና የምታዩት ሁሉ በፈርስ ይበላሻል። በመጨረሻ ከጎድኑ ጠርዝ ተከትላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቁረጡ፤ ሆዱ እንደ መስኮት ይከፈታል።

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ተመልከቱ።

ጤነኛ እንስሳ ሲከፈት አንጀት አይታይም። ከፊት የጉበት ጠርዝ፣ ከኋላ ፊኛ፣ በመካከል ደግሞ ሁሉን የሸፈነ ሞራ ታያላችሁ። የመንገድ ውሻ ሞራ የበዓል በግ ሞራ አይደለም፤ ስስ ነው፣ ነጠላ ላይ እንደተጠለፈ ጥበብ ደምሥሮቹ ብቻ ይታያሉ። በአንዳንድ የአገራችን አካባቢ ሞራ አይተው መጪውን ዘመን የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ። እኛም ከሞራ እናነባለን፣ የኛ ንባብ ግን ወደ ኋላ ነው። ሞራው አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ከተጣበቀ እዚያ ቦታ አንጀት ተበስቷል ወይም መግል አለ ማለት ነው፤ ሞራ ቀዳዳ ባየበት ሄዶ ይለጠፋል። ሞራው ደግሞ ጨጓራውን ከላይ ሸፍኖ፣ ጨጓራውም እንደ ኳስ ተነፍቶ ካገኛችሁት የጨጓራ መዞርን አስቡ። ይህ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾችን የሚገድል አደጋ ነው፦ በቀኝ መሆን ያለበት የጨጓራው መውጫ፣ ፓይሎረስ፣ በታች በኩል ዞሮ በግራ ከምግብ ቧንቧው አጠገብ ይገኛል፤ ጣፊያውም አብሮ ቦታውን ይለቅና በደም ያብጣል። አንዱን ነገር ከነካችሁ ይህ ሥዕል ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶ አንሡ፣ ፈሳሽ ካለ መጠኑንና ቀለሙን ጻፉ።

ሐሞት ከረጢት አጠገብ ያለው አንጀት ወይም ሞራ አረንጓዴ ቢጫ ከሆነ አትደንግጡ፤ ከሞት በኋላ ሐሞት ሲሰርግ የሚመጣ ነው።

አራት፦ ሁለቱ በሮች

ሞራውን ከፊኛው በኩል አንሥታችሁ ወደ ደረት ገልብጡት። ይህኔ ቀጭን አንጀት ይታያል። ልትጎትቱት እጃችሁ ይበላል፤ ታገሡ።

በቀኝ በኩል፣ ከሆዱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚወርደው አንጀት ዱዮዲነም ነው። ይህን ይዛችሁ ወደ ግራ ስታነሡት እሱን ከጀርባ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሽፋን ሌላውን አንጀት ሁሉ እንደ መጋረጃ ጠቅልሎ ይይዝላችኋል፣ ከሥሩ ቀኝ ኩላሊት ይገለጣል። በግራ በኩል ደግሞ ወራጁን ኮሎን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚወርደውን ወፍራም አንጀት፣ ይዛችሁ ወደ ቀኝ ብታነሡት ግራ ኩላሊት ይታያል። ቀዶ ሐኪሞች የደም መፍሰሻ ሲፈልጉ የሚገቡት በነዚህ ሁለት በሮች ነው። ተማሪዎቼን ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያገኟቸው አደርጋለሁ፤ የሚገርመው፣ ዓይን ሲጨፈን ቶሎ ይገኛሉ።

አምስት፦ ጨጓራና ጎረቤቶቹ

ጨጓራው አብዛኛው አካሉ በግራ፣ ከጉበት ኋላ ነው። መግቢያው ካርዲያ፣ ጉልላት የመሰለው ክፍል ፈንደስ፣ ሰፊው አካሉ፣ ከዚያ ጠበብ እያለ የሚሄደው አንትረም፣ መጨረሻ ላይ በጣት ሲዳሰስ ወፍራም ቀለበት የሆነው ፓይሎረስ። ውሻ ላይ ፓይሎረሱ በግልጽ በቀኝ ነው፤ ድመት ላይ ጨጓራው ይበልጥ የታጠፈ ስለሆነ መውጫው ወደ መሐል ይቀርባል። የድመት ጨጓራ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የአንድ ለስላሳ ጠርሙስ ያህል ይይዛል። የውሻው እንደ ዝርያው ከግማሽ ሊትር እስከ ብዙ ሊትር ይደርሳል።

ጉበቱን ወደፊት ገፋ አድርጉ። ሐሞት ከረጢቱ በቀኝ በኩል በሁለት የጉበት ክፍሎች መካከል ተሸጉጧል። ከሱ የሚወርደው ቧንቧ ዱዮዲነም ውስጥ ይገባል። ዱዮዲነሙን አቅፎ፣ ሐመር ሮዝ ሆኖ እንደ ተፈረፈረ ዳቦ የተከፋፈለው ቆሽት ነው፦ ቀኝ ክንፉ ከዱዮዲነም ጋር ወደ ኋላ፣ ግራ ክንፉ ደግሞ ከጨጓራ ኋላ በሞራው ውስጥ ወደ ጣፊያ ይሄዳል። ጀማሪ ስብ መስሎት ይቆርጠዋል። በእጅ ማሸት አያስፈልግም፤ እየተመለከቱ ቀለሙንና የደም ነጠብጣብ መኖሩን መጻፍ ይበቃል።

አሁን አንድ ቀላል ፈተና። ዱዮዲነሙን ከፓይሎረስ ጀምሮ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በመቀስ ክፈቱ፣ ይዘቱን ጥረጉና ሐሞት ከረጢቱን በቀስታ ጭመቁ። ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ካለች ትንሽ ጉብታ ሐሞት ብቅ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ካልመጣ ቧንቧውን ሳትቆርጡ ተከትላችሁ የተዘጋበትን ፈልጉ። ውሻና ድመት ከሁሉ ይበልጥ የሚለያዩት እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ውሻ ላይ የቆሽቱ ዋና ቧንቧ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደታች ባለች ሁለተኛ ጉብታ ላይ ለብቻው ይከፈታል። አብዛኞቹ ድመቶች ግን ያቺ ሁለተኛዋ የላቸውም፤ የቆሽቱና የሐሞቱ ቧንቧ ተገናኝተው በአንድ በር ይገባሉ። ከአንጀት የተነሣ እብጠት በዚያች አንድ በር በኩል ጉበትንም ቆሽትንም ሊያዳርስ ይችላል፤ ምግብ እምቢ ብላ ቢጫ ሆና የሞተች ድመት ስትከፈት ሦስቱም አብረው ታመው የሚገኙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከድመት ናሙና ስትወስዱ ከሦስቱም ውሰዱ።

ስድስት፦ አንጀቱን በጣት መሮጥ

ዱዮዲነሙ ወደ ኋላ ወርዶ ይታጠፍና በመሐል ተመልሶ ወደፊት ይወጣል። የሚወጣው ክፍል በስስ ሽፋን ከወራጁ ኮሎን ጋር ታስሯል። ከዚያ ቀጥሎ አንጀቱ ድንገት ነፃ ይሆናል፤ ጄጁነም፣ የቀጭን አንጀቱ መካከለኛ ክፍል፣ ተጀመረ ማለት ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ ጥምዝምዙን አንድ በአንድ ወደ ጎን አሳልፉ፦ ውፍረት፣ ቀለም፣ እብጠት፣ ባዶነት። ሁሉም ጥምዝምዝ ከጀርባ በሚነሣ አንድ ሥር ላይ እንደ ማራገቢያ ተሰክቷል። ሥሩን በእጃችሁ ጨብጡት፤ እንደ ገመድ ከተጠመዘዘና አንጀቱ በሙሉ ጥቁር ቀይ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም። በሥሩ ውስጥ የምታገኟቸው ረዣዥም ፍሬዎች የሊምፍ ዕጢዎች ናቸው፤ ቡችላ ላይ ትልቅ መሆናቸው ጤነኛ ነው።

ምላሷ ሥር ክር ያገኛችሁባት ድመት ካለች አንጀቷ እዚህ ጋ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተሰብስቦ ይታያል። ክሩ የሚበሳው አንጀቱ ከሽፋኑ ጋር በተያያዘበት በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ስለሆነ ቀዳዳዎቹን እዚያ ፈልጉ፤ ከውጭ በኩል ብቻ ያየ ሰው «አልተበሳም» ብሎ ይጽፋል።

ቡችላ ላይ አንጀት በአንጀት ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ተጠቀለለ ካልሲ ወፍራም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ትል የበዛበት ወይም በፓርቮ ቫይረስ የታመመ ቡችላ ለዚህ ይጋለጣል። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፦ ያለ ችግር ከወጣና ቀለሙ ካልተለወጠ በሞት ጣር ጊዜ የተፈጠረ ነው፤ ካበጠ፣ ከጠቆረና ከተጣበቀ ግን በሕይወት ሳለ የነበረ ነው። ይህን ልዩነት ሳይጽፉ ማለፍ የሞት ምክንያትን ማሳሳት ነው።

ኢሊየም፣ የቀጭን አንጀቱ መጨረሻ፣ አጭር ነው። የምታውቁት ከሽፋኑ በተቃራኒ ባለው ጠርዝ ላይ በሚሮጥ ደምሥር ነው፤ ጄጁነም ላይ ይህ የለም። ደምሥሩን ተከተሉ፣ የወፍራም አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለው ኪስ፣ ሲከም ጋ ያደርሳችኋል። የውሻ ሲከም እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠመዘዘ ነው፤ የድመት አጭር፣ እንደ ነጠላ ሰረዝ ጎበጥ ያለ። እንደ ሰው ትርፍ አንጀት የለበትም። ኢሊየሙ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ ኮሎን ነው፤ ሲከም ጎን ላይ የተንጠለጠለ ኪስ ብቻ ነው። ኮሎኑ በቀኝ አጭር መንገድ ወደፊት ወጥቶ፣ ጥምዝምዙ ከተሰካበት ሥር ፊት ለፊት ወደ ግራ ተሻግሮ፣ በግራ ረጅም ሆኖ ይወርዳል። የፈረስ ወይም የአሳማ ኮሎን ላይ የለመዳችኋቸው ሽብሽቦች የሉትም፤ ለስላሳ ቱቦ ነው።

በዓል ማግስት የሚመጡ ውሾች ኮሎናቸው ውስጥ የተፈጨ አጥንት እንደ ደረቀ ኖራ ተጋግሮ ይገኛል። «አጥንት ለውሻ ምን ያደርገዋል?» ለሚል ባለቤት ይህን ማሳየት ከምክር ይበልጣል።

ሰባት፦ ማውጣትና መክፈት

አሁን ቢላ ይምጣ። ጄጁነም በሚጀምርበት ቦታ ሁለት ቦታ በሲባጎ አስራችሁ በመካከል ቁረጡ፤ ወራጁ ኮሎን ዳሌ ውስጥ ሊገባ ሲል እንዲሁ። ሽፋኑን ለአንጀቱ ተጠግታችሁ እየቆረጣችሁ ዘርጉት፣ ለኩት። የድመት ቀጭን አንጀት ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የውሻ እንደ ቁመናው ከ2 እስከ 5 ሜትር አካባቢ ነው። ጨጓራ፣ ዱዮዲነም፣ ቆሽትና ጉበት ሳይነጣጠሉ አንድ ላይ ይውጡ።

ከመክፈታችሁ በፊት ለማይክሮስኮፕ የሚሆኑ ቁራጮችን ውሰዱ፤ የፎርማሊኑ መጠን የቁራጩን 10 ዕጥፍ ይሁን። ከዚያ የመቀሱን ድፍን ጫፍ አስገብታችሁ አንጀቱን ሽፋኑ በተያያዘበት ጠርዝ ቁረጡ፤ በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ያሉት የፔየር የሊምፍ ጥፍጥፎች ሳይቆረጡ ይቆያሉ። የውሻ ዱዮዲነም ላይ እነዚህ ጥፍጥፎች ጎድጎድ ብለው ቁስል ይመስላሉ፤ ጠርዛቸው ለስላሳና እኩል ከሆነ ጤነኛ ናቸው። ጨጓራውን በትልቁ ኩርባ ክፈቱ፤ እጥፋቶቹ በጣት ሲዘረጉ የሚጠፉ ከሆነ ደህና ነው።

ውስጡን በእጅ አትጥረጉ፣ የቧንቧ ውኃም አትልቀቁበት። የጨው ውኃ በቀስታ ማፍሰስ ይበቃል። ወስፋት ስፓጌቲ ይመስላል፤ የመንጠቆ ትል አጭር ክር ሆኖ ግድግዳው ላይ ተነክሶ ይገኛል፣ ከጎኑ የደም ነጥብ አለ፤ ከቁንጫ የሚመጣው የኮሶ ዓይነት ቁራጩ የዱባ ፍሬ ወይም ሩዝ ይመስላል። ጥቁሩ ትሪ የመጣው ለኤኪኖኮከስ ነው፦ ያጠባችሁበትን ፈሳሽ ትሪው ላይ አፍስሳችሁ ስታዘነብሉት ነጭ የሰሊጥ ቅንጣት የሚመስሉ ነገሮች ከታዩ ሥራችሁን አቁማችሁ ጓንት ለውጡ። ከዚህ በኋላ የነካችሁት ሁሉ እንደተበከለ ቁጠሩት።

ስምንት፦ ደረትና ዳሌ

ጎድኖቹን በቅርንጫፍ መቁረጫ መቀስ ቆርጣችሁ ደረቱን ክፈቱ። የምግብ ቧንቧው ላይ አጥንት የሚሰነቀርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ደረት መግቢያ፣ ከልብ በላይ፣ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም፣ ትንሽ ቀደም ብሎ። ሦስቱም ቦታ በዙሪያው ያለ አካል ቧንቧው እንዲሰፋ አይፈቅድለትም። በርዝመቱ ክፈቱት። የድመት የመጨረሻው ክፍል እንደ ዓሣ አጥንት አግድም የተሰለፉ እጥፋቶች አሉት፤ ጠባሳ አይደለም። በውሻ ቧንቧ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ከላይ እስከ ታች እንደ እግር ጡንቻ ዓይነት ሲሆን፣ በድመት የመጨረሻው ሲሶ ገደማ እንደ አንጀት ጡንቻ ነው። በዚሁ ታችኛ ክፍል ላይ ቀዳዳ ያለው እባጭ ካገኛችሁ ስፓይሮሰርካ የሚባለው ትል ነው፤ በፋንድያ ጥንዚዛ ይተላለፋል፣ በእስራኤልና በኬንያ የእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ በደንብ ይታወቃል። አጠገቡ ያለውን ትልቁን ደምሥር፣ አኦርታን፣ ክፈቱና ውስጡ የተሻከረ መሆኑን እዩ፤ ትሉ ወደ ቧንቧው የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው።

ዳሌው ላይ ሬክተሙን፣ የወፍራም አንጀቱን መጨረሻ፣ ከፊንጢጣው ጋር ዙሪያውን ቆርጣችሁ አውጡት። ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ፣ በሰዓት መደብ ላይ 4 እና 8 ቁጥር በተጻፈበት ቦታ፣ በእኛ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓትና ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ከረጢቶች አሉ። ውሻ መቀመጫውን መሬት ላይ የሚጎትተው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሲሞሉ ነው፤ ሰዉ ግን ሁልጊዜ ትል ነው ይላል። ፊታችሁን አርቃችሁ ጭመቁ፤ ሽታው ልብስ ላይ ቀናት ይቆያል።

ሲያልቅ አስከሬኑን ሌሎች ውሾች ቆፍረው በማያወጡበት ጥልቀት ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ጉበትና አንጀት በተለይ ለሌላ ውሻ አይጣል። የኤኪኖኮከስ ዕንቁላል ብዙውን የማጽጃ ኬሚካል ይቋቋማል፣ ሙቀትን ግን አይችልም። ቢላውን፣ መቀሱንና ትሪዎቹን በሚፈላ ውኃ ቀቅሉ፤ ጠረጴዛውንም የፈላ ውኃ አፍስሱበት። ጓንቱ የሚወልቀው ከዚያ በኋላ ነው።